የጎመን ምንቸት ለምን ይወጣል?

ክረምቱ ተገባዶ አዲስ እህል ወደ ቤት መግባት ሲጀምር፥ «የጎመን ምንቸት ውጣ፤ የገንፎ ምንቸት ግባ» ማለት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ አነጋገር ከችግር የተወለደ እንደ ሆነ ማንም ያውቃል። በሐምሌና በነሐሴ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ሳለ፥ የብዙውን ቤተ ሰብ ነፍስ የሚያቆየው ጎመን ነው። ስለዚህ እህል በደረሰ ጊዜ የረኃብ ምልክት የሆነውን ምንቸት ከቤት ማስወጣት እንደ ደስታ ተቈጥሯል። የሰውን ደስታ ልንነቅፍ አንሻም። ነገር ግን ይህ ምርቃት የሚመስል ቃል በጤና ጥበቃ በኩል ሲመረመር፥ ከጎመኑ ጋር አብሮ የሚወጣ ሌላ ነገር እንዳለ እናገኛለን፤ ይኸውም የልጆቻችን የዐይን ብርሃን ነው።

ነገሩን እናስረዳ። በጎመን፥ በቆስጣ፥ በካሮት፥ በዱባና ውስጡ ብርቱካን በሚመስለው ስኳር ድንች ውስጥ ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው አንድ ቀለም አለ። በጎመን ላይ አረንጓዴው ስለሚሸፍነው አይታይም እንጂ ያው የካሮቱ ቀለም ነው። ዐይን በድንግዝግዝታ እንዲያይ፥ የዐይን ሽፋን እንዳይደርቅ፥ የሳንባና የአንጀት ገለባም በሽታን እንዲከላከል ይህ ቪታሚን ያስፈልጋል። ያነሰው ሕፃን መጀመሪያ ሲመሽ ይደናበራል፤ አባቶቻችን ይህን ዳፍንት ብለውታል። ካልታረመም ዐይኑ ይደርቃል፥ ይቈስላል፥ በመጨረሻም ይጠፋል። በዚህ ላይ ኩፍኝ የተጨመረ እንደ ሆነ ጥፋቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ጉበት ቪታሚኑን እንደ ጎተራ ለወራት ያስቀምጠዋል፤ ደኅና የሚመገብ ሰው ጎተራው ሰፊ ነው፥ የከሲታ ሕፃን ግን ጠባብ ነው። እንግዲህ የጎመኑ ምንቸት በመስከረም ከወጣ፥ ከዚያም ወዲያ የቤቱ ምግብ በኅዳር ገንፎ፥ በታኅሣሥና በጥር እንጀራ በሽሮ ብቻ ከሆነ፥ በክረምት የተጠራቀመው ለመጋቢትና ለሚያዝያ ምን ያህል ይተርፋል?

ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ቀንጭረው፥ ማለት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል። መንግሥትም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን ሲያውጅ፥ ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቈርጦ ተነሥቷል። መቀንጨር ከአንድ ቪታሚን መጓደል ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ተቅማጥም ወስፋትም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዐይነት ምግብ መብላትም እጅ አለበት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታደለው የቪታሚን ኤ እንክብል ብዙ ዐይን የሚጠብቅ ስለ ሆነ ወላጆች እንዳያስቀሩ አደራ እንላለን። እንክብሉ ግን ክፍተት መድፈኛ ነው እንጂ ማዕድ አይሆንም።

ማዕዱ የሚገኘው ከጓሮ ነው። ስለ ጓሮ አትክልት በየስብሰባው ሲነገር ኖሯል፤ ሰውም ሰምቶ ዝም አላለም። በኅዳር መሬቱ ደርቆ ዶማ አልገባም ሲል፥ ከገበያ አንድ እስር ችግኝ ገዝቶ ከአጥሩ ጥግ ባገኘው ቦታ ይተክላል። ለሦስት ሳምንት ተግቶ ያጠጣል። ከዚያ በኋላ ውሃው ይርቃል፥ ዶሮው ይጭራል፥ ውርጩ ይመታል፤ በጥር ወር «ይህ መሬት አትክልት አይወድም» ተብሎ ይተዋል። እኛ ግን መሬቱ አልበደለም እንላለን። የበጋው አትክልት የከሸፈው በበጋ አይደለም፤ በክረምት ሳይታሰብ የቀረ ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፋችን ዋና አሳብም ይኸው ነው።

በውጭ አገር የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት፥ አትክልተኛው በክረምት እሳት ዳር ተቀምጦ የዘር ዝርዝር እያገላበጠ የሚመጣውን ወራት እንዲያቅድ ይመክራሉ። እኛም ትምህርታችንን በተከታተልንበት አገር ሰዎች ይህን ሲያደርጉ አይተናል። የእነርሱ ክረምት ግን በረዶ ነው፤ ምድሩ ተኝቷል፥ ከማሰብ በቀር የሚሠራ ነገር የለም። በአበው አቈጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚደርሰው የእኛ ክረምት ምድር ከሁሉ ይልቅ የምትሠራበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የእኛ የክረምት ዕቅድ እሳት ዳር የሚወጠን ሳይሆን ጃንጥላ ይዞ በጭቃ እየተራመዱ የሚወጠን ነው።

ጃንጥላውን ያነሣነው ለቀልድ አይደለም። ግቢ በበጋ ሲያዩት ሁሉም ስፍራ አንድ ይመስላል፤ ደረቅ ነው፥ ንጹሕም ይመስላል። በሐምሌ ከባድ ዝናብ በጣለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን እውነቱ ይገለጣል። ከመጸዳጃው ጕድጓድ አጠገብ የሚወርደው ጎርፍ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚተኛ፥ የጎረቤት ፍሳሽ በየትኛው የአጥር ቀዳዳ እንደሚገባ፥ ውሃ ሦስት ቀን ቆሞ የሚሸተው የት እንደ ሆነ፥ ለሙን አፈር ጎርፉ ከየት ጠርጎ የት እንደሚያከማች ሁሉም ይታያል። ያን ጊዜ ጥቂት እንጨት ቈርጦ በጎርፉ መስመር ላይ ችካል መትከል ነው። ይህን ያደረገ ሰው በጥቅምት መደቡን የት እንደማያደርግ ያውቃል፤ ያላደረገው ግን በጥቅምት የሚያየው ደረቅ አፈር ብቻ ነው።

ይህን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። አንዲት እንስት ወስፋት በቀን ወደ 200,000 የሚጠጋ ዕንቍላል ትጥላለች። ዕንቍላሉ ከሰው ዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቈይ ይችላል። እንግዲህ በነሐሴ የመጸዳጃ ጎርፍ የተኛበት ስፍራ በጥር ደርቆ ቢታይም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በዚያ ስፍራ የበቀለ ሰላጣ ጥሬውን ሲበላ፥ ልጁን ለማጠንከር የተተከለው አትክልት የልጁን ምግብ የሚሻማ ወስፋት ይዞ ይገባል። ብዙ ሰዎች ሎሚ ሲጨመቅበት ሁሉም ይሞታል ብለው ያምናሉ፤ የወስፋት ዕንቍላል ግን በሎሚ አይሞትም። በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ይቀንሰዋል፤ የሚያስተማምነው ማብሰል ነው። ስለ አንጀት ተስቦና ስለ ኮሌራም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ተነሥቶ ወደ ሌሎች ክልሎች የተዛመተው ኮሌራ፥ በዐይነ ምድር የተበከለ ውሃና ምግብ ዛሬም ምን ያህል እንደሚጎዳ ለሁሉ አሳይቷል።

ስለዚህ መደቡ ከመጸዳጃው በላይ በኩል እንጂ በታች በኩል አይሁን። በግቢው የውሃ ጕድጓድ ያለውም ሰው ጕድጓዱ ከመጸዳጃው ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን በዚሁ ክረምት ይለካ። ከፍ ያለ ቦታ ያጣ ግን በመጸዳጃውና በመደቡ መካከል የጎርፍ መከተሪያ ቦይ ቈፍሮ ውሃውን ያስቀይስ፤ የቦዩን ልክነት ለመፈተን ደግሞ ከሐምሌ ዝናብ የተሻለ ፈታኝ አይገኝም።

ሁለተኛው የክረምት ጥያቄ እንግዳ ይመስላል፤ ዝናብ እየዘነበ ስለ ውሃ እጥረት ማሰብ ነው። በደጋና በወይና ደጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በበጋ ቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ወርዱ 1 ሜትር፥ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ መደብ እንግዲህ በየቀኑ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ይጠጣል ማለት ነው። ያን ጀሪካን የሚሸከመው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ እናት ናት፥ አለዚያም ከትምህርት የተመለሰች ልጅ ናት። ይህን ሳይጠይቅ በወረቀት ላይ ሰፊ መደብ የሚነድፍ አባወራ በሰው ጀርባ ላይ ያቅዳል። እኛ የምንመክረው፥ አስቀድሞ ከቤቱ በየቀኑ ስንት ሊትር ውሃ ሊተርፍ እንደሚችል ቈጥሮ፥ መደቡን በዚያ ልክ መቍረጥ ነው። አራት ካሬ ሜትር ሆኖ እስከ ግንቦት አረንጓዴ የሚቈይ መደብ፥ ሃያ ካሬ ሜትር ሆኖ በገና ከሚደርቀው ይበልጣል። እጅና አትክልት የታጠበበት ውሃ ለመደቡ ይሆናል፤ ሳሙና የበዛበት የልብስ እጣቢ ግን ለአጥር ዛፍ ይቅር። በችግኙ ሥር ደረቅ ሣር መጐዝጐዝም ፀሐይ ከአፈሩ የምትወስደውን ውሃ ይቀንሳል።

ስለ ጣራ ውሃ ብዙ ስለሚነገር ሒሳቡን እናሳይ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ነው። አርባ ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር፥ ማለት ሁለት በርሜል ሙሉ ይሰጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ በርሜል ውሃ ያንን የ10 ሜትር መደብ ከአምስት ቀን በላይ አያጠጣውም። በርሜል ለመስከረም መጨረሻና ለችግኝ ማቆያ ይጠቅማል እንጂ በጋን አያሻግርም። ደግሞም ክዳን የሌለው በርሜል የትንኝ መፈልፈያ ነው፤ ክዳን የማይገኝለት ከሆነ ባይቀመጥ ይሻላል።

ውሃ ባለቀ ጊዜ ወደ ወንዝ መሄድ ይመጣል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ብዙ አትክልት ይለማል። ወንዙ ከየቤቱና ከየፋብሪካው የሚወጣውን ፍሳሽ እንደሚሸከምና ጤና የሚጎዱ ነገሮች እንዳሉበት በተደጋጋሚ ተመርምሮ ታውቋል። በአትክልቱ ላይ የሚገኘውን ጀርም እሳት ይገድለዋል፤ እንደ ክሮሚየምና እንደ እርሳስ ያሉትን ብረቶች ግን ማጠብም ማብሰልም አያጠፋቸውም። በዚህ ምክንያት ከከተማ በታች ከሚወርድ ወንዝ እየተቀዳ የሚጠጣ ሰፊ መደብ ከሚኖር፥ በቤት ውሃ የሚለማ ጠባብ መደብ ቢኖር እንመርጣለን።

ቦታውና ውሃው ከታወቀ በኋላ ምን ይተከል የሚለው ይመጣል፤ ብዙ ሰው ግን ከዚህ ይጀምራል። እኛ ከማዕዱ ተነሥተን ወደ ኋላ መቍጠርን እንወዳለን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ አይገባም፥ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። በዚያ ጊዜ በጾመኛ ቤት ወተትም ዕንቍላልም ሥጋም የለም። ጾሙ የማይመለከተው ሕፃን እንኳ፥ በእርሱ ስም ለብቻው የሚጣድ ድስት ስለሌለ፥ ቤቱ የሚበላውን ይበላል። ለሕፃኑ ዕንቍላልና ወተት እንዲለይለት ሁልጊዜ እንመክራለን፤ ያም ሆነ ይህ በእነዚያ ሳምንታት አትክልት ከሌለ ማዕዱ ባዶ ነው። ካሮት ከተዘራ በኋላ ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል፥ በደጋ ብርድም ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ የየካቲት ካሮት የጥቅምት ዘር ነው፤ የጥቅምት ዘር ደግሞ የነሐሴ ግዢ ነው። ቆስጣና ጎመን ግን ሁለት ወር ሳይሞላቸው መቀንጠስ ይጀምራሉ፤ ከሥር ከሥር ያለው ቅጠል እየተለቀመ ልቡ ካልተነካ ለብዙ ወራት ያገለግላሉ። ቀይ ሥር በሁለቱ መካከል ነው። ሁሉን በአንድ ቀን የዘራ ሰው ሁሉን በአንድ ሳምንት ይበላል፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ አንድ መስመር መዝራት ይሻላል።

ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት የብዙ ሰው ምኞት ናቸው። አንከለክልም፤ ግን ቀይ ሽንኩርት በመደብ ላይ ችግኝ ሆኖ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፥ ከተዛወረም በኋላ ሦስትና አራት ወር ቦታ ይይዛል። ቦታው ጠባብ ለሆነ ቤት ይህ ውድ ኪራይ ነው። ቅጠል ይቅደም እንላለን። ቲማቲም፥ ቃሪያ፥ ዱባና ፎሶልያ ውርጭ አይችሉም፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ የደጋ ከተማ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ በአንድ ሌሊት ያጠቍራቸዋል። ጎመን፥ ካሮት፥ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ግን ይቋቋሙታል። በቆላማና ሞቅ ባለ አገር፥ ለምሳሌ በሐዋሳና በወላይታ በኩል፥ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች የሚወዳደረው የለም። የሚተከለው በሐረጉ ቍራጭ ስለ ሆነ የዘር ገንዘብ አያስወጣም፤ ቍራጩን ከማን እንደሚያገኙ ግን በክረምት መጠየቅ ያስፈልጋል፥ በበጋ ሐረጉ ይደርቃልና።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በከተማ ቤት እንግዳ በመጣ ጊዜ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ይቀርባል፤ የሐበሻው ጎመን ግን ወደ ኋላ ይደበቃል። እጅግ የሚያሳዝን ልማድ ነው። የጥቅል ጎመን ነጩ ልብ ውስጥ ያ የዐይን ቀለም ያለው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቍር አረንጓዴ በሆነው በሐበሻው ጎመን ግን ሞልቷል። ደግሞም ጎመን ዘር የምንለው ተክል የትውልድ አገሩ ይኸው የእኛ ደጋ ነው፤ ካሮትና ጥቅል ጎመን ግን ከውጭ የገቡ ናቸው። ጎመን የድኻ ምግብ ነው የሚሉ ሰዎች «ጎመን በጤና» የሚለውን ምሳሌ ይጠቅሳሉ፤ ጤና ካለ ጎመንም ይበቃል ለማለት ነው። እኛ ግን ጎመኑ ለጤናው ምክንያት እንደ ሆነ አድርገን እናነበዋለን።

ዘሩን በሚመለከት፥ በክረምት የሚገዛ ሰው ለመመርመር ጊዜ አለው፤ በጥቅምት የሚገዛ የለውም። የቀይ ሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በላይ ሲቈይ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል፤ የካሮትም ብዙ አይቈይም፤ የጎመንና የቲማቲም ግን ደርቆ በደኅና ከተቀመጠ ጥቂት ዓመታት ይታገሣል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ከአዲሱ በዐይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሃያ ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፥ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተጠባበቁ እስከ ሁለት ሳምንት ማየት ነው። ዐሥራ አምስትና ከዚያ በላይ የበቀለ እንደ ሆነ ዘሩ ደኅና ነው። ዐሥር ብቻ ቢበቅል እጥፍ አድርጎ መዝራት፥ ከዚያም ቢያንስ ወደ ሻጩ መመለስ ይገባል። ይህን ፈተና መምህራን በአንድ የሒሳብና በአንድ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩበት ይችላሉ፤ መቶኛን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

ብስባሹም እንዲሁ የክረምት ሥራ ነው። በሐምሌ አረም በየአጥሩ ሥር ሞልቷል፤ በበጋ ግን አረንጓዴ ነገር አይገኝም። አረሙን ዘር ከማፍራቱ በፊት አጭዶ፥ ከደረቅ ሣርና ከከብት እበት ጋር በየተራ እየደራረቡ፥ ጥቂት አፈርና ዐመድ እየነሰነሱ ከከመሩት በሦስት ወር ውስጥ ለመደብ ይደርሳል። ክምሩ ላይ ዝናብ እንዳይወርድ በኮባ ቅጠል ወይም በላስቲክ ይሸፈን፤ አለዚያ ጥቅሙ ከጎርፍ ጋር ይሄዳል። ትኵስ እበት ሳይሸፈን የተተወ እንደ ሆነ የቤት ዝንብ ከዕንቍላል እስከ ክንፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈልበታል፤ ስለዚህ እበቱ በተከመረበት ቀን በአፈር ይሸፈን። የሰው ዐይነ ምድር ግን በምንም ምክንያት ወደ አትክልት ብስባሽ አይግባ። አንዳንድ አገሮች ይጠቀሙበታል የሚል ክርክር ሰምተናል፤ እነርሱ የሚያቈዩበትን ዘመንና የሚያሞቁበትን መሣሪያ እኛ በየጓሯችን የለንም።

አንዳንድ የከተማ ሰው «ገበያው በደጄ ሳለ ስለ ምን ልቈፍር?» ይለናል። የሚገባ ጥያቄ ነው። ገበያው በደጅ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ከገበያው የተገዛው ሰላጣ በምን ውሃ እንዳደገ፥ ቲማቲሙም ፀረ ተባይ የተረጨበት ትናንት ይሁን ከሁለት ሳምንት በፊት ሻጪቱም ራሷ አታውቅም። ደግሞ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ሲሳሳ ከቤት ወጪ በፊተኛነት የሚቀነሰው አትክልት ነው፤ ጤፉና ዘይቱ አይቀሩም። በጓሮ ያለው ግን በ25ኛውም ቀን በጓሮ አለ። በኪራይ ቤት የሚኖሩ፥ ግቢም የሌላቸው ሰዎች በአሮጌ ጆንያ አፈር ሞልተው በጐኑ በተበሳው ቀዳዳ ቆስጣና ጎመን ሊተክሉ ይችላሉ፤ አንድ ጆንያ አንዲት እናት ከልጇ ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትበላውን ያህል ቅጠል ሊሰጥ ይችላል። ቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ቆርቆሮ ግን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስለ ተማሪ ቤት አትክልት የምንናገረው ለመምህራን ስለ ሆነ በግልጽ እንናገራለን። በአንዳንድ ስፍራ ዘግይቶ የመጣ ወይም ያጠፋ ተማሪ ቅጣቱ የአትክልቱን መደብ መቈፈር ነው። ልጁ ዶማን ከውርደት ጋር አንድ አድርጎ ይማራል፤ ካደገም በኋላ ጎመን ሲያይ የሚያስበው ያንን ነው። ለቅጣት ሌላ ሥራ ይፈለግ። መደቡን መኰትኰት ደኅና ለሠራ ክፍል የሚሰጥ መብት ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛው ነገር፥ ምርቱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ተሽጦ ለጠመኔ መግዣ ቢውል ወይም ለሠራተኞች ቢከፋፈል ሕገ ወጥ ነው አንልም፤ ተማሪው ግን የተከለውን ሳይቀምስ ከወጣ ትምህርቱ ግማሽ ነው። የምገባ አገልግሎት ባለበት ተማሪ ቤት ቅጠሉ በቀጥታ ወደ ድስቱ ይሂድ። ሦስተኛው፥ ተማሪ ቤት በክረምት ዝግ በመሆኑ መደቡ ለአረም ይተዋል፤ በመስከረም የሚገኘው ጫካ ነው። ከመዘጋቱ በፊት በአቅራቢያው ከሚኖሩት ተማሪዎች ሦስት አራት መርጦ፥ በሳምንት አንድ ጠዋት እየመጡ እንዲያርሙና ብስባሹን እንዲሸፍኑ ከወላጆቻቸው ጋር መነጋገር ብዙ ድካም የለውም፤ ለድካማቸውም ከጎመኑ ይውሰዱ።

ዕቅድ ስንል ወጥ ቤቱንም ማለታችን ነው። በብዙ ቤት ጎመን በብዙ ውሃ ለረዥም ጊዜ ይቀቀላል፤ ከዚያም ውሃው ተጠንፍፎ ይደፋል። ቪታሚን ሲ ከውሃው ጋር ይሄዳል፥ የቀረውንም እሳቱ ያጠፋዋል። በጥቂት ውሃ፥ ድስቱን ከድኖ፥ ቅጠሉ እንደ ለሰለሰ ማውጣት ይበቃል፤ የተረፈውም ውሃ ለወጥ ይግባ። ለዐይን የሚያስፈልገው ቀለም ደግሞ ያለ ቅባት ወደ ደም በደኅና አይገባም። በጾም ጊዜ አንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት ወይም ሌላ ዘይት፥ በፍስክ ጥቂት ቅቤ ይጨመርበት። ይህን ያህል ዘይት የነካው አንድ መካከለኛ ካሮት፥ በስሎና ተደቍሶ ሲቀርብ፥ የሦስት ዓመት ሕፃን በቀን ለሚያስፈልገው ቪታሚን ኤ ይበቃል። ጎመን ሁሉን ያድናል ግን አንልም፤ ዕንቅርት የሚከለከለው አዮዲን ባለበት ጨው ነው፥ አጥንትንና ጡንቻን የሚሠራውም ምግብ ከጥራጥሬ፥ ከዕንቍላልና ከወተት ይመጣል።

ይህ እትም በሐምሌ የደረሰው አንባቢ ከላይ ለተጻፈው ሁሉ ጊዜ አለው። በነሐሴ አጋማሽ የሚደርሰው፥ ዛሬ የሚከምረው ብስባሽ ለኅዳር እንጂ ለጥቅምት አይሆንለትም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በአሮጌ እበት ያስነሣ። በጳጉሜን የሚያነበው ደግሞ ችካሉን ያስቀድም፥ ጎርፉ ሊያቆም ጥቂት ሳምንት ብቻ ቀርቶታልና፤ ዘሩን በዚያው ሳምንት በጨርቅ ይጠቅልል፥ መደቡንም አፈሩ ሳይደርቅ በመስከረም ይቈፍር።